የማን እጅ ነው?

እስቲ የሴት አያትዎን የአንገት መስቀል ወይም የብር አምባር ከሣጥን ያውጡና ገልብጠው ይዩት። ፊቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ለሠርግና ለጥምቀት የተሠራ ነው። ወሬ ያለው ከጀርባው ነው። ምናልባት የባለቤቱ የክርስትና ስም ተቀርጾ ያገኙ ይሆናል። የሠሪውን ስም ግን በመፈለግ አይድከሙ፤ የለም።

ሠሪው ያልታወቀ ጌጥ እኛ ዘንድ ብቻ ያለ አይደለም። አሜሪካኖች የአያቶቻቸውን «አርቲፊሻል» ጌጥ ዛሬ በትጋት ይሰበስባሉ፤ ብዙው ማኅተም የለውም። ሰብሳቢዎቹ ታዲያ የመርፌውን መቆለፊያ፣ የብየዳውን ሁኔታ፣ ድንጋዩ የተያዘበትን መንገድ እያዩ የየትኛው ቤት ሥራ እንደሆነ ይገምታሉ። በ1955 እ.ኤ.አ. ትሪፋሪ የተባለው ኩባንያ ባቀረበው ክስ፣ ኒውዮርክ ያለ ፍርድ ቤት የእንዲህ ዓይነት ጌጥ ንድፍም እንደ ሥነ ጥበብ ሥራ በሕግ ሊጠበቅ እንደሚችል ወሰነ። ከዚያ ወዲህ የመብት ምልክት ማተም እየተለመደ መጣ። እንግሊዞችማ አንጥረኛው በሥራው ላይ የራሱን ምልክት እንዲመታ በሕግ ያስገደዱት በ1363 ነው። ለክብሩ ብቻ ብለው አይደለም፤ ብሩ ተቀላቅሎ ቢገኝ የሚጠየቀው ሰው እንዲታወቅ ነው።

ወደኛ እንመለስ። ማኅተም ከሌለ ምኑን እናንብብ? መጀመሪያ ብሩን። የአንጥረኛው ጥሬ ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ ማርትሬዛ፣ ማለትም ጠገራ ብር ነበር። ክብደቱ 28 ግራም ያህል ነው፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር። አንጥረኛው ያቀልጠዋል፣ ይቀጠቅጠዋል፣ ሽቦ አድርጎ ይስበዋል፤ ሲፈልግም ጠገራውን እንዳለ ይዞ መስቀል ይቆርጥበታል። እንዲህ በተቆረጠ መስቀል ጀርባ ላይ አንዳንዴ የንስሩ ክንፍ ደብዝዞ ይታያል። «1780» የሚል ቁጥር ያገኘ ሰው ግን እንዳይሞኝ። ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው፤ ብሯ ግን ያንኑ ቁጥር እንደያዘ ከመቶ ዓመት በላይ ሲታተም ኖሯል። ሙሶሊኒ እንኳ በ1935 እ.ኤ.አ. ማተሚያውን ከቪየና አስመጥቶ ሮማ ላይ አሳትሞታል። እኛ ዘንድ አዲሱ የኢትዮጵያ ብር የተተካው በ1937 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ ቁጥሩ የጌጡን ዕድሜ አይነግረንም።

አንድ የሚያስገርም ነገር ልጨምር። ከንግሥቲቱ ምስል በታች ኤስ እና ኤፍ የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ። በጉንዝቡርግ ማተሚያ ቤት የነበሩ የሾብልና የፋቢ የተባሉ ሹሞች ስም መነሻ ናቸው። እንግዲህ የሁለት ባዕድ ሹሞች ስም ፎገራ ሜዳ ድረስ መጣ። የኛ ሰው አቀለጠውና አጠፋው፤ የራሱን ግን አልተካበትም።

ለምን? ችሎታ አንሶት እንዳንል ያን የመሰለ ሐረግ የሚያወጣ እጅ አንድ ምልክት መምታት አያቅተውም። ምክንያቱ እኛው ነን። በጎንደር ምድር ብረትና ብር ከሚሠሩት መካከል ቤተ እስራኤሎች ነበሩ፤ ስማቸው ግን «ቀጥቃጭ»፣ ሲብስም «ቡዳ» ነበር። ሙሽራዋ የሠራውን አንገቷ ላይ ታስራለች፤ ዓይኑን ግን ትፈራለች። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል። አዋጅ የሚነገረው ደግሞ ነውሩ ሲበዛ ነው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ ለዐፄ ቴዎድሮስ መድፍ ካበጁት መካከል የዋልድማየርና የሳልሙለር ስም በመጽሐፍ ተጽፏል። ወናፍ ከነፉት፣ ከሰል ካከሰሉት የአገር ልጆች ውስጥ የስንቱን ስም እናውቃለን? «ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» እንላለን፤ ለባለ እጅ ግን ስሙን በቁሙ ቀበርንለት።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ስም የሌለውን የብራና ጽሑፍ በእጅ ጣሉ እንለይ ነበር። ጌጥም እንደዚሁ ነው። የተሸረፈ መሮ በነካው ሁሉ ላይ ያንኑ ጭረት ይተዋል፤ ጨረር የሚወድ እጅ ሁልጊዜ ጨረር ያወጣል። ችግሩ ማነጻጸሪያ ነው። ሃያ መስቀሎች የአንድ እጅ ሥራ መሆናቸውን ልንለይ እንችላለን። የማን እጅ እንደሆነ ለማወቅ ግን ቢያንስ የአንዱ ሠሪ መታወቅ አለበት። ያን አንዱን የሚነግረን ብሩ ሳይሆን ሰው ነው፤ «ይህን እከሌ፣ በእከሌ መንደር፣ ለሠርጌ ሠራልኝ» የምትል ባልቴት። ሠሪዎቹማ ብዙዎቹ ሄደዋል። ከ1977 ዓ.ም. ጀምሮ ቤተ እስራኤሎች ወደ እስራኤል ተወሰዱ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ብቻ ከ14 ሺሕ በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ወጣ። ልጆቻቸው ዛሬ እዚያ አሉ፤ እነሱንም መጠየቅ ይቻላል።

ሐሙሲት ስሟን ያገኘችው ከሐሙስ ገበያ ነው። ሐሙሲትም ሆነ ወረታ፣ ብር የሚገዛ ነጋዴ ስንት ግራም እንደሆነ ይጠይቃል እንጂ ማን ሠራው አይልም። አልፈርድበትም፤ ሚዛኑ የሚያውቀው ያንን ብቻ ነው። ጥያቄው የኛ የልጅ ልጆች ነው። ጌጡ ከመሸጡ በፊት፣ አያትም በሕይወት ሳሉ፣ ማን ሠራው? የት? በስንት ጠገራ? ብሎ ጠይቆ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ ከጌጡ ጋር መቋጠር ከአንድ ከሰዓት በኋላ በላይ አይፈጅም። ያችን ወረቀት እኛ ካልጻፍናት ሌላ የሚጽፋት የለም።