ቤተ ክርስቲያን ከምድር ጠፍታ ነበርን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤ በአሜሪካ አገር ከምትኖር ከአንዲት እናት ደብዳቤ ደርሶናል። ሁለት ወጣቶች ነጭ ሸሚዝ ለብሰው፣ ስማቸው የተጻፈበትን ምልክት በደረታቸው ላይ አድርገው ወደ ቤቷ መጡ። ጠባያቸው ትሑት፣ ንግግራቸውም ለስላሳ ነበረ፤ ከልጇም ጋር ስለ ጌታችን ስለ ኢየሱስ ክርስቶስ ብዙ ሰዓት ተነጋገሩ። እነርሱ ከሄዱ በኋላ ግን ልጁ ትክዝ ብሎ፣ «እማዬ፣ አያቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲቀድሱ የኖሩት ያለ ክህነት ነውን? እኔስ በዐርባ ቀኔ የተጠመቅሁት ጥምቀት ከንቱ ነውን?» ብሎ ጠየቃት። እርሷም የምትመልሰው ብታጣ፣ «ምን ብዬ ልንገረው?» ስትል ጻፈችልን።

እነዚህ ወጣቶች በብዙ ሰው ዘንድ ሞርሞን እየተባለ የሚታወቀው፣ ራሱን ግን የኋለኛው ቀን ቅዱሳን የኢየሱስ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ብሎ የሚጠራው ማኅበር መልእክተኞች ናቸው። ዛሬ የምንናገረው ለዚያ ልጅ መልስ እንዲሆን ነው። መልሱም በስድብና በቁጣ አይሆንም፤ ሐዋርያው ቅዱስ ጴጥሮስ ስለ ተስፋችን ለሚጠይቁን ሁሉ በየዋህነት እንድንመልስ አዝዞናልና። የሰውን ትምህርት ሳያውቅ የሚነቅፍም ባለጉዳዩን ሳይሰማ የሚፈርድ ዳኛ ነው። ስለዚህ አስቀድመን ታሪኩን እንናገራለን። በንግግራችን የሚጠሩት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

የማኅበሩ መሥራች ዮሴፍ ስሚዝ በ1805 ዓ.ም. በአሜሪካ በቬርሞንት ተወለደ፤ በወጣትነቱም በኒው ዮርክ ግዛት በፓልማይራ አጠገብ ኖረ። በዚያ ወራት በዚያ አገር የሜቶዲስት፣ የባፕቲስትና የፕሬስቢቴሪያን ሰባክያን ሕዝቡን ወደየራሳቸው ይስቡ ነበር። ወጣቱም ከእነዚህ እውነተኛው የትኛው ነው እያለ ይጨነቅ ነበር። በኋላ እንደ ጻፈው፣ በ1820 በዱር ውስጥ ሲጸልይ አብና ወልድ ተገልጠው ሁሉም ስተዋልና ወደ ማንኛቸውም እንዳይገባ ነገሩት። ከዚያም ሞሮኒ የሚባል መልአክ በኮረብታ የተቀበሩ የወርቅ ሰሌዳዎችን አሳየኝ፤ ተርጕሜም መጽሐፈ ሞርሞንን አወጣሁ አለ። መጽሐፉ በ1830 ታተመ። በውስጡም ከኢየሩሳሌም ወጥተው ባሕር ተሻግረው ወደ አሜሪካ ስለ ገቡ ሰዎች፣ ጌታም ከትንሣኤው በኋላ በዚያ እንደ ተገለጠላቸው ይተርካል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለዛሬው ጥያቄ የሚያስፈልገን አንድ ነገር አለ። ዮሴፍ ስሚዝ በ1829 መጥምቁ ዮሐንስ፣ ከዚያም ጴጥሮስና ያዕቆብ ዮሐንስም ከሰማይ መጥተው እጃቸውን ጫኑብኝ፤ ከምድር ጠፍቶ የነበረውን ክህነት መለሱልኝ ብሎ አስተማረ። ማኅበሩንም በሚያዝያ ወር 1830 አቋቋመ። እንግዲህ ልጁን ያስለቀሰው ነገር ምንጩ ይህ ነው። ክህነት ጠፍቶ ነበር ከተባለ የአያቱ ቅዳሴም የእርሱም ጥምቀት ዋጋ የላቸውም ማለት ነውና። ማኅበሩም ከሌላ ቤተ ክርስቲያን የመጣውን ሁሉ ዳግመኛ ያጠምቃል፤ ስለ ሞቱትም በሕያዋን እጅ የውክልና ጥምቀት ይፈጽማል።

ከእነርሱ ጋር በትምህርት ብንለያይም የደረሰባቸውን ግፍ አንሸሽግም። በ1838 የሚዙሪ አገረ ገዥ ከግዛቱ እንዲባረሩ ወይም እንዲጠፉ አዘዘ፤ በዚያም ወር በአንድ ወፍጮ አጠገብ 17 ሰዎች ተገደሉባቸው። ዮሴፍ ስሚዝና ወንድሙ ሃይረም በሰኔ 1844 በካርቴጅ ወኅኒ ታስረው ሳሉ ፊታቸውን በሸፈኑ ሰዎች ተገደሉ። ከዚያ በኋላ ብዙዎቹ ብሪገም ያንግን ተከትለው በረሃውን አቋርጠው በ1847 ወደ ሶልት ሌክ ሸለቆ ደረሱ። ደግሞም አገራችን በረኀብ በተጨነቀች ጊዜ፣ በጥር 1985 በአሜሪካ የሚኖሩ የዚህ ማኅበር አባላት አንድ ቀን ጾመው ከስድስት ሚሊዮን ዶላር በላይ አዋጥተዋል፤ ገንዘቡም ለኢትዮጵያና ለሌሎች የአፍሪካ አገሮች ረኀብተኞች ውሏል። ይህን በምስጋና እናስባለን። ይሁን እንጂ ስለ እንጀራው የምናመሰግነው ወንድም ስለ ሃይማኖት ሲጠይቀን እውነቱን ልንነግረው ይገባል።

አሁን ወደ ክርክሩ እንግባ። እነርሱ «ሐዋርያት ከሞቱ በኋላ ታላቅ ክሕደት ሆነ፤ የጌታ ቤተ ክርስቲያንም ከምድር ተወሰደች» ይላሉ። ለምስክርም ሐዋርያው ጳውሎስ ወደ ተሰሎንቄ ሰዎች ስለሚመጣው ክሕደት የጻፈውን ይጠቅሳሉ። ብዙዎች እንዲክዱ መጻፉን እኛም እናምናለን። ነገር ግን የብዙዎች መክዳት የሁሉ መጥፋት አይደለም። ነቢዩ ኤልያስ እኔ ብቻዬን ቀረሁ ብሎ ባዘነ ጊዜ፣ እግዚአብሔር ለበዓል ያልሰገዱ ሰባት ሺህ ሰዎች እንዳሉት ነገረው። ጌታችንም ቤተ ክርስቲያኑን የሲኦል ደጆች እንዳይችሏት፣ እርሱም እስከ ዓለም ፍጻሜ ከደቀ መዛሙርቱ ጋር እንዲሆን ተስፋ ሰጥቷል። ቤተ ክርስቲያን አሥራ ሰባት መቶ ዓመት ያህል ሞታ ከነበረች ይህ ተስፋ በዚያ ሁሉ ዘመን የት ነበረ?

እነርሱ ዳግመኛ «በ325 በኒቅያ የተሰበሰቡት ጳጳሳት በንጉሥ ትእዛዝ፣ በግሪክ ፍልስፍና ቃል የሥላሴን ትምህርት አዘጋጁ» ይላሉ። ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ጉባኤውን መጥራቱ እውነት ነው። የጉባኤው ሃይማኖት ግን የንጉሥ ሃይማኖት ቢሆን ኖሮ፣ ነገሥታት ባላሳደዱት ነበር። ቅዱስ አትናቴዎስ በኒቅያ ዲያቆን ሆኖ ከሊቀ ጳጳሱ ከእለእስክንድሮስ ጋር የነበረ፣ በኋላም በእስክንድርያ መንበር የተቀመጠ አባት ነው። ወልድ ከአብ ጋር በባሕርይ አንድ ነው በማለቱ በነገሥታት ትእዛዝ አምስት ጊዜ ተሰደደ፤ የስደቱም ዘመን ቢደመር 17 ዓመት ያህል ነው።

በዚህ ስፍራ ምእመናን ሆይ፣ ነገሩ ወደ ገዛ ቤታችን ይገባል። ይህ አትናቴዎስ ፍሬምናጦስን፣ ማለት አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን፣ ጳጳስ አድርጎ ወደ አክሱም የላከልን እርሱ ነውና። የቆስጠንጢኖስ ልጅ ንጉሥ ቆስጠንጢዮስ የአርዮስን ወገን ይረዳ ስለ ነበር፣ በ356 ገደማ ለአክሱም ገዢዎች ለዒዛናና ለሳይዛና ደብዳቤ ጻፈ። ብዙዎች እነዚህን ቤተ ክርስቲያናችን አብርሃና አጽብሐ ብላ ከምታከብራቸው ነገሥታት ጋር አንድ ያደርጓቸዋል። ደብዳቤውም ፍሬምናጦስ ወደ እስክንድርያ ተመልሶ፣ አትናቴዎስን አባርረው በሾሙት በጊዮርጊስ ፊት እንዲመረመር የሚጠይቅ ነበር። አትናቴዎስ በመጽሐፉ ውስጥ ስላስገባው ዛሬም ይነበባል። የሮም ንጉሥ ፈቃድ ይህ ነበረ፤ ኢትዮጵያ ግን ከሮም ግዛት ውጭ ነበረች፤ የአርዮስንም ትምህርት አልተቀበለችም። ዒዛና በገንዘቡ ላይ የነበረውን የፀሐይና የጨረቃ ምልክት ትቶ መስቀልን አኖረ፤ በአክሱም የተገኘው የግሪክኛ የድንጋይ ጽሑፉም አብን ወልድንና መንፈስ ቅዱስን ይጠራል። እንግዲህ የሥላሴ ሃይማኖት በንጉሥ ሰይፍ የተተከለ ነው የሚል ሰው፣ የንጉሥ ሰይፍ ባልደረሰበት በአክሱም ማን እንደ ተከለው ይንገረን።

ስለ ጠፉ መጻሕፍትም ይናገራሉ። መጽሐፈ ሞርሞን ከቅዱሳት መጻሕፍት ብዙ የከበረ ነገር እንደ ወጣ ያስተምራልና። የወርቅ ሰሌዳዎቹንም ዐሥራ አንድ ሰዎች አይተናቸዋል ብለው ፈርመዋል፤ ሰሌዳዎቹ ግን ወደ መልአኩ ተመለሱ ስለ ተባለ ዛሬ ሊመረምራቸው የሚችል የለም። ዮሴፍ ስሚዝ በ1835 ከግብፅ ከመጣ የአስከሬን ዕቃ ጋር የተገዛ ፓፒረስ ይዞ መጽሐፈ አብርሃም የሚባለውንም አውጥቷል። የዚያ ፓፒረስ ቁራጮች በኒው ዮርክ ቤተ መዘክር ተገኝተው በ1967 ለማኅበሩ ተመለሱ። የግብፅ ጽሑፍ ዐዋቂዎች ባነበቧቸው ጊዜ ለሙታን የሚደረግ የግብፃውያን ጽሑፍ ሆነው ተገኙ፤ የአብርሃም ስም አልነበረባቸውም። ማኅበሩ ራሱ ይህን አምኖ፣ ትርጕሙ ግን በመገለጥ የመጣ ወይም ከጠፋው ክፍል የተገኘ ሊሆን ይችላል ይላል።

አሁን ይህን ከመጽሐፈ ሄኖክ ጋር አስተያዩ። በሌላው ዓለም ሙሉው መጽሐፍ ጠፍቶ ሳለ የኢትዮጵያ ካህናት በብራና እየጻፉ ከትውልድ ወደ ትውልድ አሳለፉት። ጄምስ ብሩስ የሚባል የስኮትላንድ ሰው በ1773 ቅጂዎቹን ወደ አውሮፓ ወሰደ። ከ1952 ጀምሮም በሙት ባሕር አጠገብ በቁምራን ዋሻ የዚሁ መጽሐፍ የአራማይክ ቁራጮች ተገኙ፤ የአባቶቻችን መጽሐፍ ጥንታዊ መሆኑም በዓለም ሁሉ ፊት ተመሰከረ። በአባ ገሪማ ገዳም ያለው ወንጌልም ብራናው በተመረመረ ጊዜ ከ4ኛው እስከ 7ኛው መቶ ዓመት መካከል የተዘጋጀ ሆኖ ተገኝቷል። ቤተ ክርስቲያን ሞታ ከነበረች ይህን ሁሉ የጠበቀው የማን እጅ ነው?

ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ግን ስለ እግዚአብሔር ያለው ነው። እኛ እግዚአብሔር በአካል ሦስት፣ በባሕርይ አንድ፣ መጀመሪያም መጨረሻም የሌለው ነው ብለን እናምናለን። እነርሱ አብ የሥጋና የአጥንት አካል አለው፤ ሦስቱ በፈቃድ እንጂ በባሕርይ አንድ አይደሉም ይላሉ። ዮሴፍ ስሚዝ በሚያዝያ 1844 ባደረገው ስብከት፣ እግዚአብሔር ራሱ አስቀድሞ እንደ እኛ ሰው ነበረ፤ ሰዎችም አማልክት ሊሆኑ ይችላሉ ብሎ አስተማረ። ለዚህ የሚከራከሩ ሰዎች እግዚአብሔር ሰው የሆነው ሰው አምላክ እንዲሆን ነው ያለውን አትናቴዎስን ለምስክር ይጠሩታል። ምስክሩ ግን የእኛ አባት ነው፤ ቃሉንም እናውቀዋለን። አትናቴዎስ የተናገረው ሰው በጸጋ የአምላክ ልጅ እንዲሆን ነው፤ ፍጡር ፍጡርነቱን ትቶ ፈጣሪ እንዲሆን አይደለም። ብረት እሳት ውስጥ ገብቶ ቢግልና ቢያበራም እሳቱን የወለደው እርሱ አይደለም። ፈጣሪ አስቀድሞ ፍጡር ነበረ ማለትማ አትናቴዎስ አምስት ጊዜ የተሰደደበትን ሃይማኖት መሻር ነው።

አዲስ መገለጥ ዕለት ዕለት ይመጣል የሚል ትምህርት በምን እንደሚጸናም እንመልከት። በ1852 ብዙ ሚስት ማግባት የእግዚአብሔር ሕግ ነው ተብሎ በግልጥ ታወጀ፤ በ1890 እንዲቀር ተነገረ። ጥቁር የነበረው ኤልያስ ኤብል በ1836 ክህነት ተቀብሎ ነበር፤ ከ1852 ጀምሮ ግን ጥቁር አፍሪካዊ ዘር ያለው ሰው ክህነት እንዳይቀበል ተከለከለ። ይህም እስከ ሰኔ 1978 ጸንቶ ኖረ፤ በ2013 ማኅበሩ ለክልከላው ቀድሞ ይሰጥ የነበረውን ምክንያት እንደማይቀበለው በጽሑፍ ገልጧል። መታረሙ መልካም ነው። ነገር ግን ፊልጶስ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ባጠመቀ ጊዜ ስለ ቆዳው አልጠየቀም፤ አትናቴዎስም ለአክሱም ጳጳስ ሲሾም ክህነትን ከሕዝባችን አልከለከለም።

አሁን ለዚያ ልጅ እንመልስለት። ልጄ ሆይ፤ አያትህ ክህነታቸውን የተቀበሉት በአንብሮተ እድ፣ በእጅ ላይ እጅ እየተጫነ ከመጣው ሐረግ ነው። ይህ ሐረግ ከአባ ሰላማ ወደ አትናቴዎስ፣ ከአትናቴዎስም ወደ ቅዱስ ማርቆስ መንበር ይደርሳል። ጳጳስ ባረፈብን ጊዜ አባቶችህ ክህነት ጠፋ ብለው አዲስ አልጀመሩም፤ መልእክተኞችን በበረሃ አሳልፈው ወደ ግብፅ ይልኩ ነበር። አንዳንዶቹ በመንገድ ቀሩ፤ ሌሎቹ ዓመታት ቆይተው ጳጳስ ይዘው ተመለሱ። በ1951 አቡነ ባስልዮስ ከኢትዮጵያውያን የመጀመሪያው ሊቀ ጳጳስ፣ በ1959 ደግሞ የመጀመሪያው ፓትርያርክ ሆነው የተሾሙት በዚያው መንበር እጅ ነው። ክህነት ከምድር ጠፍቶ ቢሆን ኖሮ ያን ያህል የደከሙለት ምን ነበር? የተጠመቅኸው ጥምቀት ጥምቀት ነው። አያትህም በሌላ ሰው እጅ ዳግመኛ መጠመቅ አያስፈልጋቸውም፤ ጸሎትህና ተዝካርህ ግን ያስፈልጋቸዋል።

እናንተም ወላጆች፣ ወጣቶቹ ዳግመኛ ደጃችሁን ቢመቱ አታባርሯቸው፤ ውኃ ስጧቸው፣ ነገራቸውንም ስሙ። ነገር ግን ልጆቻችሁ ከእነርሱ ታሪክ በፊት የራሳቸውን ታሪክ ይስሙ። የአባቱን ቤት የማያውቅ ልጅ ቤትህ ፈርሷል ሲሉት ያምናል፤ ያደገበት ግን ገብቶ ያሳያቸዋል።

የአባቶቻችን አምላክ በቀናች ሃይማኖት ያጽናን፤ የተለዩትንም ወደ አንድነት ያምጣልን። ለእርሱ ክብርና ምስጋና ይሁን፤ ለዘለዓለሙ አሜን።