የአታባስካ የነዳጅ አሸዋ

የአታባስካ የነዳጅ አሸዋ በካናዳ፣ በአልበርታ ክፍለ ሀገር ሰሜናዊ ክፍል፣ በፎርት መክመሪ ዙሪያ የሚገኝ ሬንጅ የተቀላቀለበት የአሸዋ ክምችት ነው። ሬንጁ (ቢቱመን) እጅግ የወፈረ ድፍድፍ ነዳጅ ሲሆን፣ በመሬት ውስጥ ባለው ሙቀት ስለማይፈስ እንደ ሌላው ነዳጅ ጉድጓድ በመቆፈር ብቻ አይወጣም። ክምችቱ ተሰውሮ የኖረ አይደለም። በአታባስካ ወንዝ ዳር ከገደሉ ላይ በዓይን ይታያል፤ የአካባቢው ነባር ሕዝቦችም የታንኳቸውን ስንጥቅ ይደፍኑበት ነበር። ያስቸገረው ከአሸዋው መለየቱ ነው።

ሬንጁ ከአሸዋው ክብደት ከ10 እስከ 12 በመቶ ያህል ነው። ኬሚስቱ ካርል ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ በሙቅ ውሃና በኮስቲክ ሶዳ የመለየት ዘዴን አዳበረ። ዘዴውን በሰፊው የሚጠቀመው የመጀመሪያው ትልቅ ድርጅት ሥራ የጀመረው ግን በ1967 ነው፤ ክላርክ ይህን ሳያይ ከጥቂት ወራት በፊት አርፏል።

አሸዋው ከ75 ሜትር ባልበለጠ ጥልቀት ላይ ሲገኝ ደኑ ተመንጥሮና የላይኛው አፈር ተነሥቶ በኤክስካቫተር ይዛቃል። የሚያመላልሱት ገልባጭ መኪናዎች በአንድ ጊዜ ከ350 ቶን በላይ ይጭናሉ። ጓሉ ከተከሰከሰ በኋላ ከሙቅ ውሃ ጋር ተደባልቆ በቧንቧ ይላካል፤ በጉዞው ላይ እየተላተመ ሬንጁ ከአሸዋው መላቀቅ ይጀምራል። በትልቁ መለያ ጋን ውስጥ አሸዋው ይዘቅጣል፣ ሬንጁ ደግሞ ከአየር አረፋ ጋር ተጣብቆ ይንሳፈፍና ከላይ ይገፈፋል። በውስጡ የቀረው ውሃና ደቃቅ አፈር በቀላል የነዳጅ ማቅጠኛ አማካይነት ይወገዳል። አንድ በርሜል (159 ሊትር) ነዳጅ ለማግኘት ሁለት ቶን ያህል አሸዋ ያስፈልጋል።

ይሁንና ከክምችቱ 80 በመቶ ያህሉ በዚህ መንገድ ለመዛቅ በጣም ጥልቅ ነው። እዚያ ሁለት አግድም ጉድጓዶች፣ አንዱ ከሌላው በላይ፣ በአምስት ሜትር ያህል ልዩነት ይቆፈራሉ። በላይኛው እንፋሎት ይገባል፤ የሞቀው ሬንጅ በራሱ ክብደት ወደ ታችኛው ይንጠባጠብና ተስቦ ይወጣል። መሬቱ ብዙም አይታረስም። እንፋሎቱን ለማፍላት ግን ብዙ የተፈጥሮ ጋዝ ስለሚቃጠል የሚለቀቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከፍተኛ ነው።

ሬንጁ በማቅጠኛ ተበርዞ በቧንቧ ሊሸጥ ይችላል፤ አለበለዚያ በ500 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ይሰነጠቃል። ትርፉ ካርቦን ከሰል መሰል ኮክ ሆኖ ይቀራል፣ ሃይድሮጅን ሲጨመር ድኙ ይወጣል፣ ውጤቱም ሰው ሠራሽ ድፍድፍ ይባላል።

ከሁሉ የከበደው የተረፈው ውሃ ነው። ደቃቅ ሸክላና የሬንጅ ቅሪት የያዘው ዝቃጭ በግድብ በታጠሩ ሰፋፊ ኩሬዎች ይጠራቀማል፤ ሸክላውም ለአሥርተ ዓመታት ሳይረጋ ይቆያል። በ2008 ከእነዚህ በአንዱ ላይ ያረፉ 1,600 ያህል ዳክዬዎች ሞተዋል። ወንዙ ወደሚወርድበት በፎርት ቺፐዋያን የሚኖሩ ነባር ሕዝቦችም ስለሚጠጡት ውሃና ስለሚያጠምዱት ዓሣ ሥጋታቸውን ለዓመታት ሲያሰሙ ቆይተዋል። ኩባንያዎቹ የቆፈሩትን መሬት መልሶ የማልማት ሕጋዊ ግዴታ አለባቸው፤ እስካሁን መልማቱ በመንግሥት የተረጋገጠለት ግን ከተቆፈረው በጣም ጥቂቱ ነው።