የብረቱ ሆድ

ልጅ ሳለሁ በጥርባ መጫወቻ የሚሸጥ ሱቅ አልነበረም፤ መጫወቻ የማይሠራ ልጅም አልነበረም። ቀርከሃው ከጓሮ፣ ጣሳው ከገበያ፣ ቆርኪው ከመንገድ ዳር ይገኛል። ጋሪ እንሠራለን፤ መኪና እንሠራለን፤ አንዳንዴም ታንክ እንሠራለን። ታንኩ ግን ከመኪናው ሁልጊዜ እጅግ ይገዝፍ ነበር። ማንም እንዲህ አድርጉ አላለንም፤ ከሽማግሌዎች የሰማነው ወሬ ነው ያገዘፈው። በወሬው ውስጥ ታንክ ኮረብታ የሚያህል፣ መሬት የሚያርድ፣ ጥይት የማይበሳው አውሬ ነው። አባቶቻችን ደግሞ ያንን አውሬ በጎራዴ የጣሉ ናቸው። አውሬው በገዘፈ ቁጥር አባቶቻችንም ይገዝፉልን ነበር።

ካደግሁ በኋላ የልጅነት ሥራዬን በሌላ መልክ ቀጠልሁበት። የጦር መሣሪያዎችን በትክክለኛ ልካቸው አሳንሶ መሥራት የብዙ አገር ሰዎች የትዕግሥት ሥራ ነው፤ የተለመደው ልክ አንድ ለሠላሳ አምስት ነው። እኔም የጎጃም ጦር በ1928 ዓ.ም. ደምበጉና ላይ የገጠመውን የጣሊያን ታንክ ልሠራ ተነሣሁ። ስሙ «ካሮ ቬሎቼ» ነው፤ «ፈጣን ሠረገላ» እንደ ማለት። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1929 ካርደን ሎይድ የተባለችውን ትንሽ የእንግሊዝ ታንክ ገዝተው መረመሩ፤ ከእርሷም ተነሥተው እ.ኤ.አ. በ1933 የራሳቸውን አወጡ። «ሲ.ቪ. 33» የሚለው መጠሪያ የመጣው ከዚያ ነው።

የውጭ አካሉ አላስቸገረኝም። ከጦርነቱ ዘመን የቀሩ ፎቶግራፎች ብዙ ናቸው። ያስቸገረኝ ክዳኑ ነው። ክዳኑን ዘግቼ ብሠራው ኖሮ ድካሜ በሳምንት ያበቃ ነበር። ነገር ግን የደምበጉና ታሪክ መጨረሻው ክዳኑ ላይ ነውና ክፍት አድርጌ ልሠራው ፈለግሁ። ክዳን የከፈተ ሰው ደግሞ ውስጡን ማሳየት ግዴታው ነው። ማን የት ተቀመጠ? ሞተሩ ወዴት ነው? መትረየሱን የያዘው ሰው እጁን እስከ የት ይዘረጋል? ይህን ፍለጋ የፋብሪካ ንድፎችን፣ የተበታተኑ ታንኮችን ፎቶግራፎች፣ በእንግሊዝ አገር በቦቪንግተን የታንክ ሙዚየም ቆሞ የሚገኘውን የዚሁ ታንክ ወንድም የሚያሳዩ ምስሎችን ስመረምር ከረምሁ።

የመጀመሪያው ድንጋጤ ከልኩ መጣ። የታንኩ ርዝመት ከሦስት ሜትር ትንሽ ይበልጣል፤ ወርዱ አንድ ሜትር ከአርባ ነው፤ ቁመቱ አንድ ሜትር ከሠላሳ አይዘልም። በእኔ ልክ ሲሰላ ርዝመቱ ዘጠኝ፣ ወርዱ አራት ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ ቁመቱ አራት እንኳ አይሞላም። ከጎኑ ያቆምሁት የእግረኛ ምስል አምስት ሴንቲ ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረውም። ሰውየው ታንኩን ቁልቁል ያየዋል! የተሳሳትሁ መስሎኝ ደግሜ ለካሁ። ስህተት አልነበረም። ያ የልጅነቴ ኮረብታ ከሰው ደረት አያልፍም ነበር። የፊቱ ብረት ውፍረትም ከ15 ሚሊሜትር አይበልጥም፤ በእኔ ልክ ግማሽ ሚሊሜትር አይሞላም። በልጅነቴ ከጣሳ የቆረጥሁት ታንክ ቢገዝፍም በቆርቆሮው ብዙ አልተሳሳተም ማለት ነው።

ለአፍታም ቢሆን አዘንሁ። አውሬው ካነሰ አባቶቻችንም አብረው የሚያንሱ መስሎኝ ነበር።

ሁለተኛው ነገር የተገለጠልኝ ውስጡን ስሠራ ነው። በዚያ ጠባብ ሣጥን ውስጥ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ በስተቀኝ ሹፌሩ፣ በስተግራ ተኳሹ። በመካከላቸው የሞተሩን ኃይል ወደ ፊት የሚያደርሰው ዘንግ ያልፋል። ሞተሩ ከኋላቸው ነው፤ ጉልበቱ 43 ፈረስ ነው ይባላል። አብዛኞቹ ታንኮች ሬዲዮ አልነበራቸውም። የሚያዩት በጠባብ ቀዳዳ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ይህ ታንክ የሚዞር ራስ የለውም። መትረየሱ ከግራው ፊት ተሰክቶ ወደ ጎን የሚላወሰው በጥቂቱ ነው። ተኳሹ በቀኝ ወይም በኋላ ያለውን ሰው ለመምታት ቢፈልግ መላው ታንክ መዞር አለበት፤ ታንኩን የሚያዞረው ደግሞ እርሱ ሳይሆን ባልንጀራው ነው። በሞተር ጩኸት መሐል ተጯጩኸው እስኪግባቡ ድረስ ጎበዝ እግር ያለው ሰው የት ይደርሳል?

ወደ ታሪኩ የተመለስሁት ይህን ይዤ ነው። ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በጊዜው የጎጃም ገዥ ነበሩ። ጦርነቱ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ሲጀመር የጎጃምን ጦር ይዘው ወደ ሰሜን ዘመቱ። ታኅሣሥ 5 ቀን የጦሩ ቀዳሚ ክፍል ማይ ጥምቀት ላይ ተከዜን ተሻገረ። በማዶ የነበረው የጣሊያን ጦር አዛዥ ሻለቃ ክሪኒቲ ወደ ሽሬ ሊያፈገፍግ ወደ ደምበጉና መተላለፊያ ቢሄድ በር ተዘግቶ ጠበቀው። ታንኮቹን አስቀድሞ በሩን ሊያስከፍት ሞከረ። ተዋጊዎቹ በመጀመሪያ ፈርተው ሸሹ፤ ኋላ ግን ተመለሱ። ከኋላና ከጎን እየሮጡ ተጠጉ፤ ላዩ ላይ ወጡ፤ ታንኮቹም አንድ በአንድ ቆሙ።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ አንብቤው ነበር፤ ዘወትርም የማነበው እንደ ተአምር ነው። ወኔ ብረትን አሸነፈ፣ ጎራዴ መትረየስን ረታ እያልሁ። የታንኩን ሆድ በገዛ እጄ ከሠራሁ በኋላ ግን ሌላ ነገር አነበብሁ። እነዚያ ሰዎች ከዚያ ቀን በፊት ታንክ ያላዩ፣ ንድፉን ያላጠኑ፣ እኔ ወራት የፈጀሁበትን ነገር ጥይት እየዘነበባቸው በደቂቃዎች ውስጥ የተረዱ ናቸው። አፉ ወደ አንድ ወገን ብቻ መሆኑን አዩ። ዓይኑ ጠባብ መሆኑን አዩ። ሲዞር የሚያባክነውን ጊዜ ቆጠሩ። ወኔ ባይኖር ኖሮ ይህ ዕውቀት ዋጋ አልነበረውም፤ ዕውቀቱ ባይኖር ደግሞ ወኔው ፊት ለፊት ሮጦ በከንቱ በወደቀ ነበር። እኛ ልጆቻቸው ጀግንነታቸውን ስናወራ አስተዋይነታቸውን ነጥቀናቸው ኖረናል። ታንኩን ያገዘፍነው ለክብራቸው መስሎን ነው፤ ያጠፋነው ግን ከክብራቸው ግማሹን ነው።

ሌላም ነገር አጥፍቻለሁ። ለምሥሉ መቆሚያ ካዘጋጀሁ በኋላ በታንኩ ዙሪያ የኢትዮጵያ አርበኞችን አቆምሁ፤ በውስጡ ሁለት ጣሊያኖችን አስቀመጥሁ። ሠርቼ ስጨርስ አንድ ነገር ጎደለ። ሻለቃ ክሪኒቲ ያዘዘው ጦር አብዛኛው ኤርትራዊ አስካሪ ነበር። ከብረቱ ውጭ፣ ያለ አንዳች መከለያ ቆመው የተዋጉትና በብዛት የወደቁት እነርሱ ናቸው። ቋንቋቸውና ጸሎታቸው ከወዲህ ማዶ ካለው ሰው የማይርቅ ሰዎች ነበሩ። ከምሥሌ ውስጥ የጠፉት ሳስባቸው ስላልነበር ነው። አሁን ሦስቱን ሠርቼ አኑሬአለሁ። ምሥሉ ከበፊቱ ይልቅ ደስ የማይል ሆነ፤ ይበልጥ እውነት ግን ሆነ።

የድሉ ዕድሜም አጭር ነበር። ታኅሣሥ 13 ቀን፣ ከደምበጉና ስምንት ቀን በኋላ፣ የጣሊያን አውሮፕላኖች በተከዜ ዳር በራስ እምሩ ጦር ላይ የመርዝ ጋዝ የያዙ በርሜሎች ጣሉ። ታንክ ከፊትና ከኋላ አለው፤ ኋላውን ያገኘ ሰው ይጠጋዋል። መርዝ ኋላ የለውም። ስምንት ቀን ቀድሞ የብረትን ደካማ ጎን ያገኘ ዓይን በዚያ ቀን ተቃጠለ።

ታሪኩ ወደ እኛም አገር መጥቷል። የካቲት 1933 ዓ.ም. ጣሊያን ዳንግላንና እንጅባራን ለቅቆ ሲያፈገፍግ፣ በወሩ መጨረሻ ቻራካ ወንዝ ላይ ሁለተኛው የኢትዮጵያ ባታሊዮን ብረት ለበስ መኪኖች ካሉት የጠላት ጦር ጋር ገጠመ። በዚህ ጊዜ ኢትዮጵያዊው ፀረ ታንክ ጠመንጃ ይዞ ነበር። በአምስት ዓመት ውስጥ የተለወጠው መሣሪያው ነው፤ ጠላት የማያይበትን ቦታ የሚፈልገው ዓይን ግን ያው የቀድሞው ነው።

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በእንጅባራ ሲሰለፉ አይቼ አውቃለሁ። ባለፈው ጊዜ ሳይ ሐሳቤ ወደ ቁጥር ሄደብኝ፦ የአገራችን ፈረስ ጀርባ ከመሬት አንድ ሜትር ከሠላሳ ገደማ ነው። ያ ታንክ አጠገቡ ቢቆም እኩል ናቸው፤ ፈረሰኛው ደግሞ በላዩ ነው። ከጎኔ የቆመ አንድ ልጅ፣ ስለ ታንኩ ሲሰማ፣ «ትንሽ ከሆነ ታዲያ ምኑ ያስፈራ ነበር?» አለኝ።

«መትረየሱ ወዳንተ ከዞረ ያስፈራል» አልሁት። «እነርሱ መጀመሪያ ሸሹ፤ ከዚያ እየሸሹ አዩት፤ ካዩት በኋላ ተመለሱ።»

ልጁ ዝም አለ። ወደ ቤት ስንመለስ ምሥሉን አሳየሁት። አርበኞቹን አልነካም፤ ጎንበስ ብሎ በክፍቱ ክዳን ወደ ውስጥ ያይ ጀመር።