አዲስ ዓለም፤ መናገሻ ልትሆን ታስባ የቀረች ከተማ

ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ፣ በአምቦ መንገድ ሆለታን አልፎ 55 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ከአዲስ ዓለም ይደርሳል። ቀድሞ ኤጄሬ ይባል የነበረው ይህ ስፍራ ዛሬም ትንሽ ከተማ ስለ ሆነ፣ የመንግሥት መቀመጫ እንዲሆን ታስቦ የተቈረቈረ መሆኑን ሳያስተውል የሚያልፈው መንገደኛ ብዙ ነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ ሕዝቧ በፍጥነት በዛ፤ ለቤት መሥሪያና ለማገዶ የሚሆነው ደን ግን እየተመነጠረ ከከተማው ራቀ። መናገሻን ማዛወር ደግሞ በዚያ ዘመን እንግዳ ነገር አልነበረም። ዳግማዊ ዓፄ ምኒልክ ራሳቸው ከአንኮበር ወደ እንጦጦ፣ ከእንጦጦም ወደ ፍል ውሃው ሜዳ የወረዱ ናቸው። ስለዚህ በ1893 ዓ.ም. ገደማ እንጨት ወደማይቸግርበት ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ያሠሩ ጀመር።

ታዲያ ስለ ምን ቀረ? አዲስ አበባን ከመፈታት ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው የሚለው አስተያየት የታወቀ ነው። እኛም አንክደውም፤ ነገር ግን ብቻውን በቂ ምክንያት ሆኖ አልታየንም። ዛፉ ወደ አገራችን ከገባ ገና ጥቂት ዓመት ነበርና የዚያን ሁሉ ሕዝብ ማገዶ ለመቻል አልደረሰም። በአንጻሩ መኳንንቱም፣ ነጋዴውም፣ የውጭ አገር መልእክተኞችም በአዲስ አበባ ቤት ሠርተዋል። ድንኳን ይነቀላል፤ የድንጋይ ቤት ግን አይነቀልም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስገርመን የመንገዱ ነገር ነው። ሁለቱን ከተሞች ያገናኘው የሠረገላ መንገድ በኢትዮጵያ ቀደምት ከሆኑት ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። መንግሥት ወደ ደኑ እንዲሄድ የተጠረገው ይህ መንገድ፣ ደኑን ወደ መንግሥት ማምጣትን አቀለለ። በእኛ ግምት የአዲስ ዓለምን ዕጣ ከቈረጡት ነገሮች አንዱ ወደ እርሷ የተሠራው መንገድ ራሱ ሳይሆን አይቀርም።

ለንጉሠ ነገሥቱ መኖሪያ የተጀመረው ሕንፃም ለታቦት ሆነ። በኮረብታው ላይ ያለችው ርእሰ አድባራት ደብረ ጽዮን ማርያም ይህች ናት፤ ስሟም የአክሱም ጽዮንን ያስታውሳል። በቤተ ክርስቲያኒቱ የተጠበቁትን የነገሥታት ስጦታዎች ለመመልከት የሚሄድ ተማሪ፣ ወደ ዕቃ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ቅጥሩን በእግሩ ቢዞር መልካም ነው። የቦታው አመራረጥ፣ የኮረብታውም ከፍታ የቤተ መንግሥት ሐሳብ እንደ ነበረ ከዚያ ሆኖ ይታወቀዋል።