በቁጥር የተወሰነ የጥበብ ኅትመት

በሥነ ጥበብ ገበያ «በቁጥር የተወሰነ ኅትመት» የሚባለው፣ ሠዓሊው ራሱ ወይም በእርሱ ፈቃድ የሚሠራ አታሚ ከአንድ ንድፍ አስቀድሞ በተወሰነ ብዛት ብቻ የሚያወጣውና ዳግመኛ እንደማይታተም ቃል የሚገባበት ሥራ ሲሆን፣ እንደተፈለገው ከሚባዛ ፖስተር የሚለየውም በዚሁ ነው። በኅዳጉ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በእርሳስ የሚሰፍረው ምልክት፣ ለምሳሌ 12/150፣ ቅጂው ከ150ዎቹ አንዱ መሆኑንና መለያ ቁጥሩን ያመለክታል፤ ብዙ ገዢዎች እንደሚገምቱት ግን የመጀመሪያው አኃዝ ማነስ ብቻውን ዋጋ አይጨምርም።

የእንግሊዛዊው ሠዓሊ ባንክሲ ሥራ የሆነው «ልጅቷና ፊኛው» እ.ኤ.አ. በ2004 በስክሪን ፕሪንት፣ ማለትም ቀለም በተወጠረ ስስ ጨርቅ ውስጥ አልፎ ወረቀት ላይ በሚያርፍበት ስልት፣ ሲታተም 150 ቅጂዎች ፊርማ ያለባቸው፣ 600ዎቹ ደግሞ የሌለባቸው ሆነው ወጡ፤ ምስሉ አንድ ሆኖ ሳለ ገበያው ለፊርማው፣ ምናልባትም ከሥዕሉ ይልቅ ለእርሱ፣ እጅግ የላቀ ዋጋ ይከፍላል። ፊርማም ቢሆን ሊጭበረበር ስለሚችል፣ የሠዓሊው ቢሮ የሆነው ፔስት ኮንትሮል የሚሰጠው የትክክለኛነት ማረጋገጫ የሌለው ቅጂ በታላላቅ የጨረታ ቤቶች ተቀባይነት ማግኘቱ አስቸጋሪ ነው፤ ኅዳጉ የተቆረጠ ወይም የፊኛው ቀይ ቀለም በፀሐይ የደበዘዘ ቅጂም ማረጋገጫ ቢኖረውም ከአቻዎቹ ባነሰ ዋጋ ይሸጣል።