«ወጥ አልበም» ብንለውስ?

ወናጎ አስፋልቱ ዳር ካሉት ቡና ቤቶች በአንደኛው በር ላይ፣ በማርከር የተጻፈ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። «ቅዳሜ ማታ፦ የ60ዎቹ ምርጥ ጽንሰ-ሐሳባዊ አልበሞች» ይላል። የለጠፈው የባለቤትየዋ ልጅ ነው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ዘፈኖቹ ተያይዘው የሚሄዱበት አልበም ነዋ። አንዱን ከሌላው ነጥለህ ብትሰማው የሚጎድልብህ።»

ከአፉ እንዲህ ጥርት ብሎ የወጣው ነገር ወረቀቱ ላይ ሲደርስ ምን ነካው? ሰሞኑን በሬዲዮም ስሰማው ከርሜ ስለነበር ተበሳጨሁ።

«ጽንሰ ሐሳብ» በቦታው ግሩም ቃል ነው። ፀነሰ ካለው ግስ የመጣ፣ ሐሳብ በአእምሮ ማሕፀን ሲቋጠር የሚያሳይ፤ የፍልስፍና መምህር አፍ ላይ ያምርበታል። ችግሩ ከኋላው «-ኣዊ» ስንቀጥልበት ነው። ይህች ቅጥያ መንፈሳዊ፣ ሰማያዊ፣ ኢትዮጵያዊ ስትል ስንት ዘመን በወጉ አገልግላ፣ ዛሬ ያገኘነውን የፈረንጅ ቅጽል ሁሉ እንድትሸከም ተፈርዶባታል። ትርጉሙንም ታጣምማለች። ጽንሰ-ሐሳባዊ ድልድይ ሠርተንላችኋል ብትባሉ የጊዳቦን ወንዝ ለመሻገር እግራችሁን ታነሣላችሁ? ጽንሰ-ሐሳባዊ አልበም ሲባል እኔ የሚታየኝ ገና በሐሳብ ያለ፣ ስቱዲዮ ያልገባ አልበም ነው።

የዚህን ዓይነት አልበም አመጣጥ አንባቢ ሳያውቀው አይቀርም። በደቂቃ 33 ከአንድ ሦስተኛ ዙር የሚሽከረከረው ረጅሙ ሸክላ እ.ኤ.አ. በ1948 አሜሪካ ውስጥ ወጣ፤ ከሃያ ደቂቃ በላይ የሚይዝ ገጽ ተገኘ። መጀመሪያ ሰዎች ዘፈን ደርድረው ሞሉት። ቆይቶ ግን ቢች ቦይስ በ«ፔት ሳውንድስ»፣ ቢትልስ በ«ሳጅን ፔፐር»፣ ዘ ሁ በ«ቶሚ» ድርድሩን ራሱን ሥራ አደረጉት።

እግረ መንገዴን «የ60ዎቹ» የሚለውንም ልንካው፤ የማን ስድሳዎቹ? «ሳጅን ፔፐር» በ1967 እ.ኤ.አ. ግንቦት ማብቂያ ላይ ሲወጣ እኛ ገና 1959 ዓ.ም. ላይ ነበርን። የቢትልስ «አቢ ሮድ» ለንደን ላይ የተሸጠው መስከረም 16 ቀን 1962 ዓ.ም. ነው፤ እዚህ ደመራ ተደምሮ ነበር። የእኛ ስድሳዎቹ የሚጀምሩት የእነሱ ሊያልቅ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንኳ ሳይቀረው ነው። ልጁ የፈረንጁን አሥርት ዓመት በእኛ ቁጥር ጽፎ ለጥፏል።

ወደ ቃሉ ልመለስ። እኔን የሚገርመኝ፣ ተርጓሚ ነኝ ያላለው ሰው ለሙዚቃ ዕቃ ስም ሲያወጣ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም። ሸክላን ተመልከቱ። ጥቁር፣ ክብ፣ መሐሉ ላይ ምልክት ያለው፣ ከእጅ ካመለጠ ፍርክስክስ የሚል፤ ምጣድ የሚያውቅ ሰው ሌላ ምን ይለዋል? የድሮው ሸክላ የሚሠራበት ሙጫ በባዕድ አፍ ሸላክ መባሉ ደግሞ ለእኔ የደስ ደስ ያለው ግጥምጥሞሽ ነው። ዛሬ «ቫይናል» የሚሉ ወጣቶች ይህን ቤት አፍርሰው ኪራይ ቤት የገቡ ይመስለኛል። «ነጠላ ዜማ»ም እንዲሁ ነው፤ ነጠለ ብሎ የጀመረ ግስ ትከሻ ላይ ጣል የሚደረገውን ስስ ልብስም፣ ብቻውን የሚወጣውን ዘፈንም አለበሰን። በካሴት ዘመን ደግሞ «አዲስ ካሴት አወጣ» ሲባል ዕቃው ለሥራው ስም ሆኖ ኖረ፤ ማንም ግራ አልተጋባም።

«አልበም» ራሱ ቢሆን መጤ ነው፤ ሮማውያን ማስታወቂያ የሚጽፉበት ነጭ ሰሌዳ ነበር። አጫጭሮቹ ሸክላዎች እንደ ፎቶግራፍ ደብተር በተጠረዘ ክዳን ውስጥ ይሸጡ ስለነበር ስሙ ወደ ሙዚቃ ተሻገረ። ለምዶናል፤ ይቀመጥ። ከፊቱ የሚገባው ቃል ነው ጉዳዩ።

አንዳንዶች «የጭብጥ አልበም» ይላሉ። ጨበጠ ከሚል ግስ የመጣ፣ በእጅ የሚያዝ ቃል ስለሆነ እወደዋለሁ። ነገር ግን ጭብጥ የሌለው ዘፈን የት አለ? «መድበል»ም ቀርቦ ነበር፤ እሱ ግን የግጥምና የአጭር ልቦለድ ነው፤ ለየብቻ የተወለዱ ሥራዎች የሚሰበሰቡበት። ለሌላ ነገር ስለምፈልገው ወደ ጎን ላቆየው።

የእኔ ምርጫ «ወጥ አልበም» ነው። የላሊበላን ቤተ መቅደሶች ከአንድ ወጥ አለት የተፈለፈሉ እንላለን። ከወናጎ ብዙ ሳይርቁ በጨልባ ቱቱቲና በቱቱ ፈላ የቆሙት ትክል ድንጋዮችም እያንዳንዳቸው ወጥ ናቸው፤ መገጣጠሚያ የላቸውም። አማርኛ ለዚህ ዓይነቱ አንድነት ሁለት ፊደል ብቻ ነው የፈጀው።

ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። አንደኛው፣ ወጥ ልቦለድ ስንል ያልተተረጎመ ማለታችን ነው፤ እንዳይምታታ የሚል ነው። አይምታታም፤ ወጥ አለት ያለውን ሰው አለቱ ከምን ቋንቋ ተተረጎመ ብሎ የጠየቀው የለም። ሁለተኛው የሆድ ነገር ነው፤ ወጥ ሲባል ምሳ ትዝ ይላል። ይበል! ሽንኩርቱ ቁሌቱ ውስጥ ጠፍቶ፣ በርበሬው ከቅቤው ተዋሕዶ ይህን አውጡልኝ የማይባልበት ደረጃ ላይ የደረሰ ነገር ለዚህ አልበም መጥፎ ምሳሌ አይደለም።

መፈተኛው ቀላል ነው፤ ፍላሽ። ዲላ በሚመላለስ ሚኒባስ ውስጥ «ቶሚ» ያለበት ፍላሽ ሰክተን ነበር። ማጫወቻው ዘፈኖቹን በርዕሳቸው ፊደል ተራ ደረደራቸው። በአልበሙ ታሪክ ቶሚ ይወለዳል፣ ግድያ አይቶ ዐይኑም ጆሮውም አንደበቱም ይዘጋል፣ በመጨረሻ ነጻ ይወጣል። እኛ በሰማነው ግን መጀመሪያ ግድያውን አየ፣ ቆይቶ ነጻ ወጣ፣ ከዚያ በኋላ ተወለደ። እንዲህ ሲሆን የሚፈርስ አልበም ወጥ ነው።

በዚህ ሚዛን «ሳጅን ፔፐር» ግማሽ ወጥ ነው። የተፈጠረው ባንድ መግቢያው ላይ ይታያል፣ ሊያልቅ ሲል ብቅ ይላል፤ መሐሉን ብታቀያይሩት ማንም አይከስም። ዘፈኖቹ ግሩም ናቸው፤ ወጥነቱን ግን ሽፋኑ ነው የሰጠው። እኔን ካላችሁኝ የኪንክስ «ቪሌጅ ግሪን» ይበልጣል። ኅዳር 13 ቀን 1961 ዓ.ም.፣ የቢትልስ ነጩ ድርብ አልበም በወጣበት በዚያው ዕለት እንግሊዝ ውስጥ ወጥቶ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። የመንደር መስክ፣ የድሮ ጓደኛ፣ የእንፋሎት ባቡር፣ ደግሞም የፎቶ ደብተር፤ አልበም ውስጥ ስለ አልበም ይዘፈናል። ትንሽ ከተማ ላደገ ሰው ማብራሪያ አያሻውም።

የእኛዎቹስ? ልጁ ለቅዳሜ ባዘጋጀው ዝርዝር ውስጥ «ኢትዮፒክስ»ንም አስገብቶ ነበር። እዚህ ላይ ነው መድበልን ያቆየሁት። አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ሸክላ ማሳተም ሲጀምር መብቱ በአዋጅ የሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር፤ ደፈረና የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን ሕንድ ልኮ አሳተመ። እስከ 1975 እ.ኤ.አ. ከመቶ በላይ ሸክላ አወጣ፤ አብዛኛው ግን ባለ ሁለት ዘፈን፣ ፊትና ጀርባ ነው። የእኛ ወርቃማ ዘመን የነጠላ ዘመን ነበር። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ቆይቶ ነጠላዎቹን ለቅሞ «ኢትዮፒክስ» በተባሉ ተከታታይ ሲዲዎች አቀረበልን፤ ባለውለታችን ነው፤ ሥራው ግን መድበል እንጂ ወጥ አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ በ1972 እ.ኤ.አ. ኒውዮርክ ያወጣው «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» ግን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ እጅ የነካው ስለሆነ፣ እሱን ያለ ክርክር ወጥ እለዋለሁ።

ይህን ሁሉ ለልጁ ነገርኩት። ታግሦ ሰማኝ፤ ቡናዬንም አላስከፈለኝም። በማግስቱ ሳልፍ ወረቀቱ ተቀይሯል፦ «ቅዳሜ ማታ፦ ምርጥ ወጥ አልበሞች»። ከሥሩ ሌላ ሰው በሰማያዊ እስክሪብቶ ጠይቋል፦ «የጾም ነው የፍስክ?»