ቁራውና ቆቁ፦ ከመንገድ የተቀዱ ድምፆች ታሪክ

ማለዳ በጅቡቲ ከተማ ማዕከላዊ ገበያ፣ ከሐሙዲ መስጊድ አቅራቢያ ለቆመ ሰው ከዓይኑ ይልቅ ጆሮው ሥራ ይበዛበታል። ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዓረብኛ፣ ፈረንሳይኛና አማርኛ በአንድ መደብር ፊት ይገናኛሉ፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከጣሪያ ጣሪያ የሚዘለው ቁራ ይጮኻል። ከጥቂት ጊዜ በፊት የወፎችን ድምፅ ለመቅዳት ለመጣ እንግዳ በአስተርጓሚነት ስሠራ፣ እንግዳው በዚሁ ስፍራ መቅጃውን አጥፍቶ፣ «እዚህ የሚቀዳ ነገር የለም፤ ሁሉም ጫጫታ ነው» አለኝ። ሻይ የቀዳልን ሰው ምን እንዳለ ቢጠይቀኝ ልተረጉምለት አልወደድኩም። ጥያቄው ግን አብሮኝ ቀረ። ለመሆኑ ሊቆይ የሚገባው ድምፅ የትኛው ነው? ጫጫታውስ? መልሱን ከታሪክ እንፈልግ። ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

የወፍን ዜማ አድምጦ ለትውልድ ማቆየት ለምድራችን እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትውፊት፣ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የነበረው ቅዱስ ያሬድ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉትን ዜማዎች የተማረው ከገነት በተላኩ ሦስት አእዋፍ አማካይነት ነው። ይህ ዜማ ለረጅም ዘመን በቃል ሲወርድ ከቆየ በኋላ፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት የዜማ ምልክቶች ተበጅተውለት በብራና ላይ ሰፈረ። መሣሪያ ከመፈልሰፉ በፊት ድምፅን ማስቀረት ይህን ይመስል ነበር።

መሣሪያው የተገኘው ቶማስ ኤዲሰን በ1877 ፎኖግራፍን በሠራ ጊዜ ነው። በ1889 ሉድቪግ ኮኽ የተባለ ጀርመናዊ ሕፃን በፍራንክፈርት ከተማ፣ ዘሯ ከእስያ የሆነ አንዲት ዘማሪ ወፍ በሰም በተሠራ ሲሊንደር ላይ ቀዳ፤ እስካሁን ከሚታወቁት የወፍ ድምፅ ቅጂዎች ቀዳሚው ይኸው ነው። ከዐሥር ዓመት በኋላ ደግሞ ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ድምፃቸውን በፎኖግራፍ ቀድተው ላኩ። ድምፅ ከባለቤቱ ተለይቶ ባሕር መሻገር የጀመረው እንግዲህ በዚህ ዘመን ነው።

ወደ ጅቡቲ የሚያደርሰን ታላቁ የስብስብ ጉዞ የተከናወነው ከ1931 እስከ 1933 ነበር። በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳዮች ልዑክ ከዳካር ተነሥቶ አፍሪካን ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ሲያቋርጥ፣ በ1932 በጎንደር ለወራት ቆይቷል። እዚያም የልዑኩ ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ የዛር ዘፈኖችን እንዲመዘግብ የረዳው ብዙ ቋንቋ አዋቂው አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ነበር። ለአስተርጓሚ ይህ ታሪክ የተለየ ትርጉም አለው፤ የአባ ጀሮም ጆሮና እጅ ያኔ የመቅጃ ሥራ ሠርተዋልና። ልዑኩ ጉዞውን የፈጸመው በጅቡቲ ሲሆን፣ ከ3,500 በላይ ቁሳቁሶች፣ የብራና መጻሕፍትና የድምፅ ቅጂዎች ወደ ፓሪስ ተወስደዋል። የአእዋፉም ድምፅ ተራው ደረሰው፤ በኬንያ የቅኝ አስተዳደር ሹም የነበረው ማይልስ ኖርዝ የቀዳቸው የአፍሪካ ወፎች በ1958 በአሜሪካው ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በሸክላ ታተሙ።

ከእነዚህ ሁሉ አንድ ነገር እንረዳለን። መንገደኛው የሚቀዳው የመጣበትን ጉዳይ ነው፤ ሌላው ጫጫታ ይሆንበታል። የቀዳውም አብሮት ይሄዳል።

እንግዳዬ የመጣበት ጉዳይ የጅቡቲ ቆቅ ነበር። ይህች ወፍ ከታጁራ ባሕረ ሰላጤ በስተሰሜን ካሉት ከጎዳና ከማብላ ተራሮች በቀር በዓለም ላይ በሌላ ስፍራ አትገኝም፤ ለሳይንስ የተዋወቀችውም በ1952 ነው። ዓይን አፋር በመሆኗ በንጋት ጩኸቷ እንጂ በመልኳ እምብዛም አትገኝም። መኖሪያዋ የሆነው የዳይ ደን የሐበሻ ጥዶች በብዛት ደርቀዋል፤ እርሷም ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ወፎች ተርታ ተመዝግባለች። ደኑ ካለቀ የሚቀርልን የተቀዳ ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ እንግዳዬ ተራራ መውጣቱ ተገቢ ነበር።

የተሳሳተው በገበያው ላይ ነው። እዚያ የሚጮኸው ቁራ የሕንድ ቁራ ነው፤ መርከብ እየተከተለ ከእስያ ወደ ቀይ ባሕርና ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ወደቦች እንደ ተሻገረ ይታመናል። እንደ ብዙዎቻችን ሁሉ በወደቡ ምክንያት የመጣ ነው። ቆቋ የተራራውን ታሪክ እንደምትናገር፣ ቁራውም የከተማውን ይናገራል።

የጠፉብንን እናስብ። በ1897 ሥራው ተጀምሮ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የድሮው ባቡር ፉጨት ዛሬ በከተማው አይሰማም፤ በጥር 2017 የተመረቀው አዲሱ ባቡር መነሻው ከከተማው ወጣ ብሎ ናጋድ ነው። ያንን ፉጨት ለልጆቻችን የምናስረዳቸው በአፋችን እያስመሰልን ነው። ሲሰማ በነበረበት ዘመን ይቀዳል ብሎ ያሰበ በመካከላችን ስንቱ ነበር?

ዛሬ መቅጃ በየኪሳችን አለ። እንግዲህ ማለዳ ተነሥቶ ገበያውን ለአምስት ደቂቃ መቅዳት፣ በመጨረሻም ቀኑን፣ ሰዓቱንና ቦታውን በራስ ድምፅ መናገር ለማንም አይከብድም። የሰዎቹን ፈቃድ መጠየቅ ግን ግድ ነው፤ ተራራ ለሚወጣም ሰው፣ የተቀዳን ጩኸት ደጋግሞ በማሰማት ቆቋን አለማወክ ተገቢ ነው። ከሁሉም በላይ፣ ከማንኛውም ቅጂ አንዱ እዚሁ ይቅር።

እንግዳዬ ሲሰናበተኝ ከተራራው የቀዳውን አሰማኝ። ጩኸቷ አጭርና ሻካራ ነበር። አንድ ቅጂ እንዲተውልኝ ለመንኩት፤ ተወልኝ። በማግሥቱ ማለዳ እኔ ደግሞ ወደ ገበያው ሄጄ ቁራዎቹን ቀዳሁ።